አባባ አልሰነፉም፦ ስለ ፓርኪንሰንና እንቅስቃሴን ስለሚመራው ጥልቁ የአንጎል ክፍል

(ይሄ እዚህ ጅማ ለሕሙማን ቤተሰቦች፣ ለነርሶችና ለተማሪዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ በተቻለ መጠን እንደተናገርኩት አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ መጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው።

እዚህ ከተማ ሰው ስለ ፓርኪንሰን ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ጠርቶት አይደለም የሚያወራው። «አባባ ሰነፉ» ነው የሚባለው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ቡናቸው ውስጥ ይገቡ የነበሩ ሰውዬ አሁን ከወንበር ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞክረው ይቀመጣሉ፣ ልጆቹም «እርጅና ነው» ይላሉ። ወይ ደግሞ «እማማ ኩርፊያ ጀመሩ፣ ፊታቸው አይፈታም፣ ስናናግራቸው ቶሎ አይመልሱም» ይባላል። ጎረቤት ሲመጣ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ ሌላው የነርቭ ነገር ነው ብሎ የሚቀባ ቅባት ያመጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሁለት ዓመት ያልፋል። እኔ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው የምፈልገው። እኚህ ሰውዬ ጡንቻቸው ደህና ነው፣ ፍላጎታቸውም ደህና ነው። የታመመው በፍላጎትና በጡንቻ መሀል ያለ፣ አንጎል ውስጥ በጣም ጥልቅ ቦታ ላይ የተቀመጠ፣ እንቅስቃሴን የሚፈቅድና የሚከለክል ክፍል ነው። ይሄ በደንብ ከገባን ቤት ውስጥ እሳቸውን የምናናግርበት፣ መድኃኒት የምንሰጥበት፣ እጃቸውን የምንይዝበት መንገድ ሁሉ ይቀየራል፣ ለዛ ነው ሐኪም ያልሆናችሁትንም ጭምር ስለ አንጎሉ ዘርዝሬ የማደክማችሁ።

መጀመሪያ ምልክቱን እንይ። ቡና ተፈልቶ ሰው ክብ ሰርቶ ተቀምጦ አስቡት። እንግዳው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል፣ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ክኒን የሚያድቦለብሉ ይመስል ይንቀጠቀጣል፣ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው። ስኒው ሲሰጣቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ግን መንቀጥቀጡ ይቀንሳል ወይ ይጠፋል። ይሄ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ነው፣ እጅ ሲያርፍ የሚመጣ። አሁን ደግሞ ከጀበናው የምትቀዳዋን ሴትዮ እዩ፣ እጇ ጭኗ ላይ እያለ ጸጥ ያለ ነው፣ ጀበናውን አንስታ ስትቀዳ ግን ተንቀጥቅጦ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። ይሄ ብዙ ጊዜ ሌላ በሽታ ነው፣ ኢሴንሻል ትሬመር ይባላል፣ ከፓርኪንሰን በጣም የሚበዛም ነው፣ በቤተሰብም ይሄዳል። ሁለቱን እያምታታን ስንቱን ሰው ያለቦታው አስደንግጠናል።

መሐመድ አሊን የማያውቅ የለም። በ1984 ነው (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕመሙ እንዳለበት የተነገረው፣ በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ፣ ኃይሌ 10 ሺህ ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ ደግሞ ማራቶን ያሸነፉበት፣ የመክፈቻውን ችቦ ይዞ ሲቆም ዓለም በሙሉ አየው። ችቦውን ያልያዘው እጁ ነበር ክፉኛ የሚንቀጠቀጠው። ሥራ የያዘው እጅ ጸንቶ ያረፈው ይንቀጠቀጣል፣ አሁን ያልኳችሁ እሱ ነው።

ግን መንቀጥቀጡ ላይ ብዙ እንዳንቆይ፣ ምክንያቱም የበሽታው ዋና ነገር እሱ አይደለም፣ ጭራሽ ሳይንቀጠቀጥ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አለ። ዋናው መዘግየቱ ነው። እንቅስቃሴ ለመጀመር መቸገር፣ ከተጀመረም በኋላ እየቀነሰና እያነሰ መሄድ። ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ። ጽሑፍ መስመሩ እየሄደ ሲመጣ ፊደሉ እየደቀቀ ይሄዳል። ድምፅ ይቀንሳል። ሲራመዱ አንደኛው እጅ አይወዛወዝም፣ በሽታው ከአንድ ጎን ስለሚጀምር። ፊት ላይ ያሉት ጡንቻዎችም ስለሚዘገዩ ፈገግታ አይታይም፣ የዓይን መርገብገብም ይቀንሳል፣ «አኮረፉ» የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። አላኮረፉም! ውስጣቸው እየሳቀ ፊታቸው ሳይከተል ቀርቶ ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ቤት ውስጥ አባትና ልጅ እንደተቀያየሙ ሳስብ በጣም ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ አንዳንዴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማንም ልብ የማይላቸው ነገሮች ይመጣሉ፦ ሽታ መጥፋት (ቡና ተቆልቶ ቤቱን ሲያውደው አንድ ሰው ብቻ ምንም አይሸተውም)፣ የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ ላይ ሕልሙን እየኖረ መጮህና መማታት። እነዚህ ያሉበት ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን ይዞታል ማለት አይደለም በፍጹም፣ ግን በሽታው እንቅስቃሴ ላይ ከመታየቱ በፊት ውስጥ ውስጡን መንገድ እንደጀመረ ያሳየናል።

እንግዲህ የት ነው ችግሩ? በ1817 ለንደን ውስጥ ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል ሐኪም ስድስት ሰዎችን ገልጾ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፣ ከስድስቱ የተወሰኑትን መንገድ ላይ ነው ያያቸው፣ ክሊኒክ ገብተው አልተመረመሩም። ምልክቱን ሲገልጽ ዛሬም ብታነቡት ትክክል ነው። ቦታውን ግን አላገኘውም፣ አንገት አካባቢ ያለው የሕብለ ሰረሰር የላይኛው ክፍል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፣ የጡንቻ ጉልበትም ይቀንሳል አለ። በኋላ ፓሪስ ውስጥ ሻርኮ የሚባለው ታላቅ የነርቭ ሐኪም አይ፣ እነዚህ ሰዎች ጉልበት አላጡም፣ መዘግየትና ድካም የተለያየ ነገር ነው ብሎ ተከራከረ፣ በሽታውንም በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያደረገው እሱ ነው። እኔ ሻርኮን በዚህ በጣም ነው የማከብረው። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የታየ ነገር እኛ ቤት ገና አልደረሰም፣ እኛ አሁንም «አቅም አነሳቸው፣ ሾርባ ስጧቸው» ነው የምንለው።

ቦታው በ1919 ነው በደንብ የታየው፣ ትሬቲያኮፍ የሚባል ወጣት ፓሪስ ላይ ለመመረቂያው በሠራው ጥናት። አንጎላችን መሀል፣ ከላይ ከሚታየው ከተጨማደደው ኮርቴክስ በጣም ወርዶ፣ ሚድብሬይን የሚባለው ክፍል ላይ ግራና ቀኝ በዓይን የሚታይ ጥቁር መስመር አለ፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ ይባላል። ጥቁር የሆነው ሴሎቹ ውስጥ ሜላኒን ስላለ ነው። ፓርኪንሰን ይዞት የሞተ ሰው አንጎል ተቆርጦ ሲታይ እዛ ቦታ ጥቁረቱ ገርጥቷል፣ ምክንያቱም ሴሎቹ ሞተዋል። ቀድሞ በ1912 ደግሞ ሌቪ የተባለ ሐኪም የነዚህ ሕሙማን ነርቭ ሴሎች ውስጥ ክብ ክብ የፕሮቲን ክምችት አይቶ ነበር፣ ዛሬ በስሙ ሌቪ ቦዲ እንላቸዋለን፣ ፕሮቲኑም አልፋ ሲኑክሊን እንደሆነ በ1997 ታወቀ።

እነዚህ ጥቁር ሴሎች ሥራቸው ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ሠርተው ወደ ላይ መላክ ነው። ወዴት? ስትራያተም ወደሚባለው፣ ማለትም ኮዴት እና ፑታሜን የሚባሉት ሁለት ክፍሎች ወዳሉበት። ከነሱ ቀጥሎ ግሎበስ ፓሊደስ አለ፣ ውጪኛውና ውስጠኛው። ከሱ በታች ትንሽዬዋ ሰብታላሚክ ኒውክለስ አለች። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ቤዛል ጋንግሊያ እንላቸዋለን። ተማሪዎች ይሄን ስታጠኑ እንደምትጠሉት አውቃለሁ፣ ስሙ ይበዛል፣ ቀስቱ ይበዛል፣ ግን አንዴ ሐሳቡ ከገባችሁ ስሙ በራሱ ይያዛል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ወደ ጅሬን ዳገት ላይ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ የቆመ ባጃጅ አስቡ። ሞተሩ ተነስቷል፣ ሹፌሩ መሄድ ይፈልጋል፣ ግን ፍሬን ተይዟል። ባጃጁ እንዲሄድ ሞተሩ ላይ ጉልበት መጨመር ሳይሆን ፍሬኑን መልቀቅ ነው የሚያስፈልገው። አንጎላችን ውስጥ ፍሬኑን የያዘው ውስጠኛው ግሎበስ ፓሊደስ ነው (ከሰብስታንሺያ ናይግራ አንዱ ክፍል ጋር ሆኖ)። ዝም ብለን ስንቀመጥ እንኳን እነዛ ሴሎች ያለ እረፍት፣ በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ እየተኮሱ ታላመስ የሚባለውን ክፍል አፍነው ይይዙታል። ታላመስ ሲታፈን ኮርቴክስ እንቅስቃሴ ለመጀመር የሚፈልገውን ግፊት አያገኝም።

ስኒ ላንሳ ስትሉ ምን ይሆናል? ኮርቴክስ ሐሳቡን ወደ ስትራያተም ይልካል፣ ስትራያተም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች በቀጥታ ሄደው ውስጠኛውን ግሎበስ ፓሊደስ ዝም ያሰኙታል፣ ፍሬኑ ለዛች እንቅስቃሴ ብቻ ይለቀቃል፣ እጅ ይነሳል። ይሄ ቀጥተኛው መንገድ ይባላል። ሁለተኛ ደግሞ ዞሮ የሚሄድ መንገድ አለ፣ ሌሎች የስትራያተም ሴሎች ውጪኛውን ግሎበስ ፓሊደስ ዝም ያሰኙታል፣ እሱ ዝም ሲል ሰብታላሚክ ኒውክለስ ትነቃለች፣ እሷ ስትነቃ ፍሬን የያዘውን ይበልጥ ታበረታለች፣ ስለዚህ ፍሬኑ ይጠብቃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ስኒ ስታነሱ እግራችሁ አብሮ እንዳይነሳ፣ የማትፈልጉት እንቅስቃሴ ሁሉ መያዝ አለበት።

ዶፓሚን የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ እና ሥራው በጣም ያስደንቃል፣ አንድ ኬሚካል ሆኖ ሁለቱን መንገድ በተቃራኒ ነው የሚያዘው። ቀጥተኛው መንገድ ያሉት ሴሎች ዲ1 የሚባል መቀበያ አላቸው፣ ዶፓሚን እነሱን ያበረታቸዋል። ዞሮ የሚሄደው መንገድ ላይ ያሉት ዲ2 አላቸው፣ እነሱን ያቀዘቅዛቸዋል። ውጤቱ ሁለቱም ጋር አንድ ነው፣ ፍሬኑ ይላላል። አሁን ዶፓሚኑን አውጡት። የሚለቅቀው መንገድ ደከመ፣ የሚያጠብቀው መንገድ በረታ። ሰውዬው መነሳት ይፈልጋል፣ ጡንቻው ዝግጁ ነው፣ ፍሬኑ አይለቅም። አባባ ወንበር ላይ የቀሩት በዚህ ነው።

የሚገርመው ደግሞ የበሽታው ምልክት እስኪታይ ድረስ ስትራያተም ውስጥ ካለው ዶፓሚን አብዛኛው ጠፍቷል፣ አንጎል የቀረችውን እያብቃቃ ለዓመታት ይሸፍናል፣ ስለዚህ «ትናንት ደህና ነበሩ ዛሬ ምን ነካቸው» ሲባል እውነቱ በሽታው የትናንት አለመሆኑ ነው።

ይሄ የፍሬን ነገር የፈጠርነው ታሪክ አይደለም ወይ ብላችሁ እንዳትጠራጠሩ ተቃራኒውን ልንገራችሁ። ሰብታላሚክ ኒውክለስ ላይ ብቻ ትንሽ ስትሮክ የመታው ሰው የተቃራኒው ጎን እጁ ሳይፈልግ ድንጋይ የሚወረውር ይመስል ይወናጨፋል፣ ሄሚባሊስመስ ይባላል። ፍሬን የምታጠብቀዋ ሞተች፣ ፍሬኑ ላላ። ሀንቲንግተን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ላይ ደግሞ ስትራያተም ይሞታል፣ ቀድሞ የሚጎዳውም ዞሮ የሚሄደው መንገድ ነው፣ ሰውዬው ያለፈቃዱ ሲወዛወዝ ይውላል። አንዱ ቦታ ሲጎዳ መድረቅ፣ ሌላው ሲጎዳ መወናጨፍ።

በ1982 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ አሳዛኝ ነገር ሆነ። በሕገወጥ መንገድ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወጉ ወጣቶች በቀናት ውስጥ ደርቀው፣ መናገርም መንቀሳቀስም አቅቷቸው ሆስፒታል መጡ። ዊልያም ላንግስተን የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ተከታትለው ያ ሄሮይን ውስጥ ሳይታሰብ የተፈጠረ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ እንዳለ አገኙ፣ ይሄ መርዝ አንጎል ውስጥ ገብቶ ጥቁሮቹን የዶፓሚን ሴሎች መርጦ ይገድላል። የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲሰጣቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከዛ በኋላ ያ መርዝ ለዝንጀሮዎች ተሰጥቶ በሽታውን ላብራቶሪ ውስጥ ማጥናት ተቻለ፣ በ1990 በርግማን፣ ዊችማን እና ዲሎንግ እንደዛ የደረቁ ዝንጀሮዎች ላይ ሰብታላሚክ ኒውክለስን ሲያጠፉ ዝንጀሮዎቹ መንቀሳቀስ እንደቻሉ አሳዩ። ፍሬኗን ቢያጠፏት ተለቀቀ።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ሥዕል ሁሉንም አያስረዳም። መንቀጥቀጡን ብቻውን አያስረዳም፣ እዛ ላይ ሴሬቤለም የሚባለው የኋላው አንጎልም እጁ አለበት። ደግሞ ከመጠን ማነስና መብዛት በላይ የሴሎቹ አተኳኮስ ራሱ ነው የሚበላሸው፣ ፓርኪንሰን ላይ ሴሎቹ በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚሆን ምት አብረው ይያያዛሉ፣ መድኃኒት ሲወሰድ ይሄ ምት ይቀንሳል። ተማሪዎች ፍሬኑ ላይ ብቻ እንዳትቆሙ፣ ቀጥሉ።

አሁን ለቤተሰቦች በጣም የምወደው ክፍል ጋ ደረስን። ቤዛል ጋንግሊያ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሳናስብ ለምንሠራቸው ነገሮች ነው፣ ለመራመድ፣ ለመዞር፣ እጅ ለማወዛወዝ። እሱ ሲታመም ሳናስብ የምንሠራው ይጠፋል፣ ታስቦ፣ ታይቶ፣ ተሰምቶ የሚሠራው ግን ኮርቴክስ ውስጥ በሌላ መንገድ ማለፍ ይችላል። ለዛ ነው አባባ ጠፍጣፋ ሳሎን ውስጥ እግራቸው ተጣብቆ ቀርቶ ደረጃ ላይ ግን ጥሩ አድርገው የሚወጡት። ቤተሰብ ይሄን ያይና «አዩ፣ ሲፈልጉ ይችላሉ እኮ!» ብሎ ይቆጣል። አይደለም፣ ደረጃው ለዓይናቸው መስመር ስለሰጣቸው ነው። ስለዚህ መስመር ስጧቸው። መኝታ ቤት በር ላይ፣ ብዙ ጊዜ በር ላይ ነው የሚቆሙት፣ ወለሉ ላይ ቀለሙ የሚለይ ፕላስተር በእርምጃ ርቀት አግድም አግድም ለጥፉላቸውና መስመሯን ተሻገሩ በሏቸው። ወይ «አንድ፣ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩላቸው፣ ወይ የሚወዱትን ምት ያለው ዘፈን፣ መንዙማም ይሁን መዝሙር፣ ክፈቱላቸው። እግራቸው ሲጣበቅ አትጎትቷቸው፣ ጎትታችሁ ስትወስዷቸው ላይኛው አካል ይሄድና እግሩ ይቀራል፣ ይወድቃሉ። ከሁሉም በላይ «ቶሎ በሉ» አትበሏቸው፣ ሲጨናነቁ ይብስባቸዋል። ምንጣፉን አንሱት፣ ጠርዙ ላይ ይደናቀፋሉ።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፣ እዚህ ጋ እኛ ሀገር የሚያውቀው ነገር አለ። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬዘርፒን የሚባል መድኃኒት ሰጥቶ ያደረቃቸውን ጥንቸሎች ኤል ዶፓ በሚባል ነገር መልሶ አነቃቸው፣ ዶፓሚን ለእንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ የታየው እንዲህ ነው፣ በ2000 ኖቤል ተሸለመበት። በ1960 ቪየና ላይ ኤሪንገርና ሆርኒኪዊች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎች ስትራያተም ውስጥ ዶፓሚን ጠፍቶ አገኙ፣ በ1961 ኤል ዶፓ ለሕሙማን በደም ስር ተሰጠ፣ በ1967 ኮትዚያስ በአፍ በብዛት እየጨመሩ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ለምን ራሱን ዶፓሚንን አንሰጥም? ምክንያቱም ዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፣ ኤል ዶፓ ግን ይሻገርና እዛ ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል።

እና ይሄ ኤል ዶፓ በ1913 ስዊዘርላንድ ውስጥ ማርኩስ ጉገንሃይም የሚባል ኬሚስት መጀመሪያ ያወጣው ከምን ይመስላችኋል? ከባቄላ! እኛ በእሸቱ፣ በበቆልቱ፣ በሽሮው የምንበላው ባቄላ። ግን እባካችሁ፣ ይሄን ሰምታችሁ ክኒን ጥላችሁ ባቄላ እንዳትጀምሩ። እሸቱና በቆልቱ ላይ ይበዛል፣ ደረቁ ላይ በጣም ያንሳል፣ በአንድ ጭብጥ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አይታወቅም፣ ዛሬ ያነሰ ነገ የበዛ ይሆናል፣ ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ ብዙ ባቄላ ሲደረብ ከልክ በላይ ሆኖ ያወናጭፋል፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ባቄላ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል። እንደ ምግብ ብሉ፣ እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት።

ክኒኑ ውስጥ ከሌቮዶፓ (ያው ኤል ዶፓ ነው) ጋር ካርቢዶፓ የሚባል አለ፣ እሱ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ ደም ውስጥ እንዳይለወጥ ያደርጋል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። ሰዓቱ ላይ በጣም ጥብቅ ሁኑ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ 5 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ከተባለ በዛው ሰዓት፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይ አንድ ሰዓት በኋላ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮም ጭምር፣ ፕሮቲኑ ከሌቮዶፓ ጋር በአንድ መግቢያ ስለሚሻማ ከክኒኑ ጋር አብሮ ከተበላ ክኒኑ ሳይሠራ ይቀራል፣ «ዛሬ መድኃኒቱ እምቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጾምን በተመለከተ፣ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ በራሳችሁ መድኃኒቱን በድንገት አታቋርጡ፣ ድንገት ሲቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና መድረቅ አምጥቶ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ይፈጥራል። ቀደም ብላችሁ ሐኪሙን አማክሩ፣ ሼኩንም የንስሐ አባቱንም አነጋግሩ፣ በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ቦታ አለ።

አሁን የምነግራችሁን ነርሶችና ፋርማሲ የምትሠሩ በተለይ ስሙኝ። ማቅለሽለሽ ሲባል ወዲያው የምንሰጠው ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋል። ፓርኪንሰን ላለበት ሰው አይሰጥም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሀሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንደዛው ይዘጋሉ፣ ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው እንኳን ፓርኪንሰን ያስመስላሉ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን እኩል አድርገው። ለረጅም ጊዜ ፕላሲል ሲወስዱ የቆዩ እናት ቀዝቅዘው ቢመጡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሚወስዱት መድኃኒት ነው፣ በትክክል ከቆመ በሳምንታት ወይ በወራት ብዙዎቹ ይመለሳሉ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በራሱ እንዳያቆም፣ ያዘዘለት ሐኪም ጋ ይሂድ። አርቴን የሚባለው ሌላው የፓርኪንሰን ክኒንም ለመንቀጥቀጡ ይረዳል፣ ግን አረጋውያን ላይ ያምታታል፣ ያስረሳል፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለ ቡና ካልተናገርኩ ከጅማ አታስወጡኝም። ብዙ ሺህ ሰው ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ላይ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ፓርኪንሰን የሚይዛቸው በቁጥር ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ይሄ ቡና ይከላከላል ብሎ ለመማል አይበቃም፣ ግን መንገዱ ደስ ይላል፦ ካፌይን ዞሮ የሚሄደው መንገድ ሴሎች ላይ ያለ ኤ2ኤ የሚባል የአዴኖሲን መቀበያ ይዘጋል፣ ፍሬን የሚያጠብቀውን መንገድ ያላላል ማለት ነው። በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ኢስትራዴፊሊን የሚባል መድኃኒት ጃፓን በ2013፣ አሜሪካ በ2019 ፈቅደውታል። ጫት ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን ከነርቭ ጫፍ እንዲፈስ ስለሚያደርግ «ይረዳቸው ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አይረዳም። ሴሎቹ ባለቁበት ምን ያፈሳል? በዛ ላይ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ያለባቸውን የሆድ ድርቀት ያብሳል።

ቀዶ ሕክምናም አለ፣ ግሬኖብል ፈረንሳይ ውስጥ አሊም ሉዊ ቤናቢድ በ1987 ታላመስ ላይ፣ በ1993 ደግሞ ሰብታላሚክ ኒውክለስ ላይ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ በኤሌክትሪክ ምት የተበላሸውን አተኳኮስ ማቋረጥ እንደሚቻል አሳየ። እሱና ቅድም የዝንጀሮዎቹ ጥናት ላይ የጠራሁት ዲሎንግ በ2014 የላስከር የሕክምና ሽልማት አብረው ወሰዱ። በሽታውን አያድንም፣ ዋጋውም ከባድ ነው፣ እኛ ሀገር በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለውን አጥብቀን እንያዝ፣ ሰዓቱን የጠበቀ መድኃኒትና በየቀኑ መንቀሳቀስ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ መራመድ። አዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፣ ለቤተሰብ ምክርም ይጠቅማልና አፈላልጉት።

ከጥያቄዎቹ፦

አንድ ወጣት «አባቴ አለበት፣ እኔንም ይይዘኛል?» አለ። ወንድሜ፣ አብዛኛው ሰው ላይ ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ አይሄድም። በአንድ ዘረመል ብቻ የሚመጣው ጥቂቱ ነው፣ በተለይ ከ40 ዓመት በፊት ከጀመረ እሱን እናስባለን። ያንተ ዕድል ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያን ያህል ግን አይደለም።

አንዲት እህት «እናቴን ሳናግራት ትሰማኛለች ወይ? መልሷ ይቆያል» ብላ ጠየቀች። ትሰማሻለች። አንዳንዴ ሐሳብም አብሮ ይዘገያል፣ ከዓመታት በኋላ የማስታወስ ችግርም ሊመጣ ይችላል፣ ግን አሁን የምትዪው መዘግየት ራሱ የእንቅስቃሴው ነው፣ መናገርም እንቅስቃሴ ነው። ጠይቂያትና ጠብቂያት፣ ሌላ ሰው እንዳይመልስላት። ድምፅዋ ካነሰ «እማዬ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» በያት፣ ሲነገራት ጮክ ማለት ትችላለች፣ ያው እንደ ወለሉ መስመር ነው የሚሠራው። ምግብ ስትውጥ የምታስላት ከሆነ ግን ለሐኪም ቶሎ ንገሪ፣ ትንታው ሳንባ ምች ያመጣል።

የመጨረሻው «ሐኪም ጋ ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚያየን» የሚል ነበር። ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት ክኒኑ የተወሰደበትን ሰዓት፣ መንቀሳቀስ የጀመሩበትን ሰዓት፣ መልሰው የደረቁበትን ሰዓት፣ ሳይፈልጉ የተወዛወዙበትን ሰዓት ጻፉ። የበሉትንም ጻፉ። የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፕላሲሉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዛ ውስጥ ነው። ስልክ ካላችሁ በር ላይ ሲጣበቁ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ አንሱ፣ ምክንያቱም ሐኪሙ ፊት ሲደርሱ ብዙዎቹ ደህና ሆነው ይራመዳሉ።